የጠመኔው መስመር

የከተማው ስም ርኆቦት፣ «ሰፋልን» ማለት፣
የእኛ እግረኛ መንገድ ግን አይበቃም ለሁለት።
መኪና ወጥቶበት በግማሽ ጎማው፣
እማማ ፈንታነሽ ከኋላ፣ ከፊት አባ ጀጃው፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክሊኒክ ሲሄዱ
አንዲት ወግ ሳይዙ አለቀ መንገዱ።

መሐንዲሷ መጣች፣ ኖጋ ትባላለች፤
በትምህርት ቤት አዳራሽ ካርታ ዘረጋች።
«በየት ነው የምትሄዱት? አሳዩኝ» አለች፤
አስተርጓሚዋ እኔ።
ራፊ ከወደ ኋላ፦ «መኪናዬንስ? ሰማይ ላይ ላቁማት?»
ብሎ ተነሣባት፣ ስድብም መረቀላት።
ስድቡን አልተረጐምሁም፤ እሱን ሁሉም ያውቃል።

ሁለተኛውም ስብሰባ በጠብ ተበተነ።
ይስሐቅስ ቢሆን፣ ያለ ጠብ የጠጣው
ከሦስተኛው ጉድጓድ አይደል ወይ፣ ርኆቦት ካለው?

በሦስተኛው ማታ አባ ጀጃው ተነሡና
ጠመኔ ከምርኩዛቸው ጫፍ በክር አሰሩና
ከክሊኒኩ ደጃፍ ጀምረው አስፋልቱ ላይ አሰመሩ፤
ካርታው የማያውቀው ዛፍ ነበር፣ በጥላው ዞሩ፤
ልጆች በብስክሌት የሚሾልኩበትን፣
እናቶች ጋሪ ይዘው የሚጨነቁበትን፣
እሳቸው ትንፋሽ አጥሯቸው የሚቆሙበትን፣
አንድም ሳይዘነጉ።
ኖጋ ከኋላቸው በሜትር ትለካለች።
መስመሩ ከራፊ ጎማ ሥር ደረሰ፤
ራፊ አጉረመረመ። መኪናውን ወደ ኋላ መለሰ።

ጠመኔውን ዝናብ በማግሥቱ አጠበው፤
ቀለሙ እስኪመጣ ዓመት ተኩል ፈጀ፤
ወንበሩም ከጥላው ሁለት እርምጃ ስቶ ተተከለ፤ ደብዳቤ ጽፈናል።

ትናንት አየኋቸው፣ ማለዳ ነበር፣
ጎን ለጎን ሲያወጉ ወደ ክሊኒክ በር፤
ለካስ የሚረዝሙት እማማ ናቸው፣ በስንዝር።