ከምሰሶ እስከ ምሰሶ

ከሌሊቱ አሥር ተኩል፣ ፀሐይ ሳትቆጣ፣
ጫማዬን አጥብቄ ከቤቴ ስወጣ
ሻርጃ ተኝታለች።
ባሕሩ ጨው ጨው ይላል፤ ውሃው አይንቀሳቀስ፤
እኔም እንደ ውሃው፣ ቀስ።
ቀስ።

በዳርቻው የቆሙት የመብራት ምሰሶዎች ቁጥር አላቸው፣
በነጭ ላይ ጥቁር፣ ማዘጋጃ ቤት የጻፈላቸው።
በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነበር ድርሻዬ፣
አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻዬ።
ሃያ ዓመት በአውቶቡስ ይህን መንገድ የፈጀሁት ሰውዬ
ሁለተኛው ሥር ቆምኩ፣ ብረቱን ተደግፌ፣ ለራሴ «አይዞህ» ብዬ።

ደረቴን እንደ ሣጥን ከፍተው በሽቦ ዘግተውታል፤
ከግራ እግሬ አንድ ደም ሥር መዘው ልቤ ላይ ቀጥለውታል።
ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ እግር
አሁን ደም ያሻግር!
«ልብ ግዛ» ይለኝ ነበር በልጅነቴ አባቴ፤
ይኸው ገዛሁ፤ ዋጋውን የከፈልኩት ከባቴ።

አለቃዬ ሺጂ ናት፣ የኬረላ ልጅ፣ የማገገሚያ ክፍሏ ንግሥት፦
«ከሦስት ኪሎ በላይ እንዳታነሣ። ትራስ እቀፍ ሲያስልህ ሌሊት።
ከወንበር ስትነሣ በእግርህ እንጂ በእጅህ አትግፋ።
ደረትህን ቢያፍንህ፣ ራስህን ቢያዞርህ፣ ቁጭ በል፤ ጀግና አትሁን፤ አትልፋ።
እየሄድህ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው።»
እሺ አልኳት።

ግን ከማን ጋር ላውራ?
የክፍል ተጋሪዬ የሌሊት ፈረቃ ነው ሥራ፤
ባሉቹ ዓሣ አጥማጅ ሰላምታዬን በአንገቱ ይመልሳል፤
ድመቲቱም ዓይኗ ከባልዲው አይነሣም።

ስለዚህ ስም እጠራለሁ።
የልጆቼን። የወለድኳቸውን ሳይሆን የጫንኳቸውን፣
በአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ በየወንበሩ ያስቀመጥኳቸውን፦
ሐምዳ፣ መስኮት ካላገኘች የምታኮርፈው፣
ከጎኗ አርጁን፣ ምሳውን በጠዋት የሚያራግፈው፣
ላያንና ጁድ፣ አንድ ቦርሳ ለሁለት፣
ከኋላ ዘይድ፣ የጫማው ክር ሁሌ የተፈታበት፣
የነርሷ ልጅ ማርሲላስ፣ «ደኅና ይደሩ» የሚለኝ በጠዋት…
አሥራ ሁለት ስም በሁለት ምሰሶ መካከል፤
ሳልቆራረጥ ከጨረስኩ፣ እርምጃዬ ትክክል።

ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ሌሊትም አልተኛ አለ።
ሱቆች ሳይከፈቱ በገበያ አዳራሹ ዞርኩ፣
ሱፍ ከለበሱ አሻንጉሊቶች ፊት ስም ጠራሁ።
ኔፓላዊው ጥበቃ መጀመሪያ ተጠራጠረኝ፤
በሳምንቱ ዙሬን ይቆጥርልኝ ጀመር።

መስከረም ገባ፤ ወደ ባሕሩ ተመለስኩ።
አሥራ አንደኛው ምሰሶ የእኔ ሆኗል።
አንድ ቀን አርፍጄ ወጣሁና
ቢጫዋ አሥራ አራት ቁጥር በአጠገቤ አለፈች፣ በሌላ ሰው እጅ፤
ሁለተኛ ማርሿ ያለቅሳል፤ አያውቃትም ያ ልጅ።
ከኋላ መስኮት አንድ ትንሽ መዳፍ ተዘረጋ።
እግሬ አላማከረኝም።
ሮጥኩ።

ሐምዳ፣ አርጁን፣ ላያን… ጁድ ላይ ድምፄ ተቆረጠ፣
የደረቴ ሽቦ ሁሉ ባንድ ጊዜ አፈጠጠ።
ዘጠነኛው ምሰሶ ሥር ቁጭ።
ባሉቹ ዘንጉን ጥሎ መጣ። ውሃ ሰጠኝ። አጠገቤ ተቀመጠ።
ትንፋሼ እስኪመለስ ምንም አላለም።
ለካ ሰውየው አንገት ብቻ አልነበረም።

ሺጂ ገመዶቿን ደረቴ ላይ ለጥፋ ብዙ አየች።
«ልብህ ደኅና ነው» አለች፤ «የቸኮለው ናፍቆትህ ነው።
ከሁለት ምሰሶ ጀምር።»
አልተከራከርኩም። የቆመ መኪና
በአምስተኛ ማርሽ እንደማይነሣ
ለሹፌር አይነገርም።

ዛሬ ከአንደኛው ተነሣሁ።
ሐምዳ፣ አርጁን፣ ላያን፣ ጁድ፣ ዘይድ…
ዓሣ አጥማጁ ዘንድ ስደርስ
አሥራ ሁለቱም ስም አልቋል፤
ትንፋሽ ግን ተርፎኛል።
ቆምኩና
ስሙን ጠየቅሁት።