ፍርፋሪ

እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም አሉ፤
ቱሊኪን ሌሊት ቢያዩ ይህን ተረት ባላሉ።
በክርኗ፣ በጉልበቷ፣ በመቀመጫዋ ዙሪያ
ጥቃቅን፣ ውሃ የቋጠረ፣ ግራና ቀኙ እኩያ።
ቀን የሰፋችውን ቆዳ ሌሊት ስትተረትር፣
አንሶላው ላይ የደም ነጥብ እስኪነጋ ስቆጥር፣
በሰኔ፣ ሌሊት በማይጨልምበት በኩኦፒዮ ሐይቅ ዳር
እከኳም እንደ ሰማዩ ሳይጨልም ነበር የሚያድር።

አንዱ ሐኪም ጭርት አላት፣ አንዱ የሳሙና ቁጣ፤
ጎረቤታችን ኦይቫ የበርች ቅጥራን ይዞ መጣ፤
ሌላው ጭንቀት ነው ብሎ እረፍት አዘዘላት፤
አርፋ ከረመች፤ ቆዳዋ ግን አላረፈላት።

በሰባተኛው ዓመት ወጣቷ ዶክተር ሳልሜላ
ቁስሉን ትታ ከጎኑ፣ ደህና ከሚመስለው ገላ፣
የምስር ፍሬ የምታህል ቆዳ ቆርሳ ላከች።
ውጤቱን ስትነግረን ድምጿን ዝቅ አደረገች፦
«ቆዳሽ መልእክተኛ ነው፤ ያኮረፈስ አንጀትሽ።
ስንዴ፣ ገብስ፣ የጥቁር ዳቦ እህል፣ ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብሽ።»

ይቅርብሽ! ሠላሳ ዓመት ከሊጥ ጋር ለነጋላት!
እንጀራዬ ያለችው ሥራ እንጀራዋን ነሳት።
እንክርዳድ ስትለይ ኖራ ስንዴው እንክርዳድ ሆነ፤
የአባቷ ምድጃ ያን ለት በአንድ ቃል ተከደነ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የቤት ሥራ ነው።
የእንጨት ማንኪያ ጣልን፤ እንጨት ይደብቃል።
ቅቤ ሁለት፤ በአንደኛው ላይ ስሟ በቀይ እስክሪብቶ።
አዮዲን ያለበት ጨው ከቤት ወጣ።
ዳፕሶን፣ ለሥጋ ደዌ የምትሰጠዋ ኪኒን፣ በየጠዋቱ አንድ፤
ሽፍታው በአራት ቀን አጎነበሰ፣
ግን ደሟን ታሳሳለች ብለው በየሳምንቱ ደሟን ይቀዳሉ።
«ኪኒኗ በር ትይዛለች» አለች ሳልሜላ፣
«ሌባውን የሚያስወጣው ገበታው ነው። ሁለት ዓመት ታገሡ።»

እኔ ግን፣ የጀልባ መካኒክ፣ ትዕግሥት ያልፈጠረብኝ፣
ከሞተሩ ስር በጨርቅ አንድ ጥቁር ዳቦ አለኝ።
በምሳ ሰዓት ተደብቄ እንደ ሌባ እቆርሳለሁ፤
በሐይቁ ውሃ ተጉመጥምጬ፣ ጢሜን አራግፌ እገባለሁ፤
የውሽማውን ሽቶ ደጅ ላይ እንደሚያራግፍ ባል
ሳልጠየቅ ስለ ሞተሩ እደረድራለሁ ቃል።

በኅዳር ክርኗ ዳግም ውሃ ቋጠረ።
መነጽሯን አድርጋ የየቆርቆሮውን ጽሑፍ አነበበች፤ አንድም አልቀረ።
«ምን በላሁ?» ትላለች።
እኔ ሾርባውን አማስላለሁ።

በሦስተኛው ሌሊት ልትስመኝ ቀረበችና ቆመች፤
ከጢሜ ውስጥ በጥፍሯ አንዲት ነገር ለቀመች፤
ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰች፣ ጥቁር። ወደ መብራቱ አስጠጋቻት።
«አርማስ» አለችኝ ቀስ ብላ፣
«ከመቼ ጀምሮ ነው ከሷ ጋር?»

ከሰኔ፣ አልኩ።

ጢሜን በማግስቱ ላጨሁት።
አሁን እሁድ እሁድ ከሳውና በፊት ጥፍሯን እቆርጥላታለሁ፣
የሰጠ ጌታ ቢቆጣም።
ክርኗ ላይ ቡናማ ጠባሳ ቀርቷል፤
አንዳንድ ሌሊት አሁንም ትነቃለች፤
ኪኒኗ ግማሽ ሆናለች።
ትናንት ከሩዝ ዱቄት ዳቦ ጋገረች። መሃሉ ወደቀ፣
ቢላ ሲነካው እንደ አሸዋ ተናደ።
ሁለታችንም ዝም ብለን፣ ጣታችንን እያረጠብን፣
ከጠረጴዛው ላይ ፍርፋሪውን ለቀምን።