ማግስት

ታርቱ ከተማ ላይ፣ ሾርባ በሚሉት ሰፈር፣
ጎዳናው ድንች ነው፣ ማዶው ደግሞ አተር፤
ከባቄላው መንገድ የሚጋጠምበት
አዳራሽ አለልህ፣ ቢጫ የእንጨት ቤት።
ቁልፉ እኔ ጋ ነው።
ሠላሳ ሁለት ነው የሚታጠፍ ወንበር፤
አንዱ እግረ ሰባራ፣ በሽቦ የሚኖር።

የመጽሐፍ ቀን ሲሆን አሥራ ስምንት ይበቃል፣
የመምህራን ለታ አዳራሹ ይጠባል፤
የምድር ቀን ዝናብ ነው፣ አራት ሰው ይመጣል፣
አራት ጃንጥላ በር ላይ ይንጠባጠባል።
ማን እንደደለደለው ባላውቅም ዓመቱን፣
ለደን አንዱን ሰጥቶ፣ ለውኃ ማግስቱን፣
የእኔ ድርሻ ሌላ ነው፤ በዓሉ ሲበተን
መጥረጊያዬን ይዤ የምገባበት ቀን።

በየካቲት ወር፣ በእኔ አሥራ አራት፣
በእነሱ ሃያ አንድ፣ የእናት ቋንቋ ዕለት፣
በረዶው መስኮቱን እስከ ወገብ ውጦ፣
ሰው ሁሉ ካፖርቱን በር ሥር አስቀምጦ፣
ሌይዳ፣ ጡረተኛዋ የሒሳብ መምህር፣
ተነሥታ አዘዘች፦ «ሁሉም ሰው ይናገር፣
አንድ ቃል፣ ከቤቱ፣ ከእናቱ መንደር።»
ዝላታ ከካርኪቭ፣ ዘጠኝ ነው ዓመቷ፣
«ድመት» ብላ በቋንቋዋ፣ ተወሸቀች በእናቷ።
ሽማግሌው ኤንደል፣ የቮሩ ገጠር ሰው፣
አንድ ቃል ቢባሉ ተረቱን ጀመሩት ከነዘር ማንዘሩ፤
ሌይዳ በጣቷ ቆጠረችባቸው
ሃምሳ ሲደርስ ድረስ፣ ከዚያ አስቆመቻቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እኔ በሩ ጋ ነኝ፣
መጥረጊያ ተደግፌ፣ ቁልፍ ያንጠለጠልኩኝ።
«አንተስ?»
«እኔማ የወንበር ሰው ነኝ።»
«ወንበርም አፍ አለው። በል እናትን ጥራልኝ።»

«እማ» አልኩ።

ዝም አለ አዳራሹ። አንድ ወንበር ጮኸ፣
ያ በሽቦ የሚኖር።
ከዚያ ሳቅ፤ ኤንደል ጉልበታቸውን መቱ፤
«ኤማ» ነው ለካስ በዚህም አገር እናቱ፣
ወንዙም በዚሁ ስም ሲጠራ ይኖራል፣
ኤማዮጊ፣ እናት ወንዝ፣ ከሰፈር ሥር ያልፋል።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ፣ መነጽር ያጠለቀ፣
«ግጥምጥሞሽ ነው» አለ፣ እየተጠነቀቀ፣
«ዝምድና የላቸውም፣ ሥራቸው የራቀ።»
እውነቱን ነው። ልጁ የተማረ ነው፣ ያውቃል።
እኔስ ዘመድ አልኩ እንዴ? ግጥምጥሞሽ ይበቃል።

መጋቢት ገባና ወንዙ ተሰነጠቀ፣
በረዶው እንደ ሸክላ እየተንቋቋ ዘለቀ።
የውኃ ቀን ደረሰ። ሰው ቦት ጫማ አጥልቆ፣
ከአንድ ቀን የዛፍ ቀን ጭቃው ገና ሳይለቅቀው፣
ባነር ተዘረጋ፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ፦
«ውኃ ሕይወት ነው» የሚል።
ንግግሩ ረዘመ። ነፋስ ሰለቸውና
ባነሩን መንትፎ ወንዙ ላይ ጣለና
ሄደ።
የውኃን ቀን አክብሮ ውኃ ያቆሸሸው
የእኛው መፈክር ሆነ። ሁሉም ሰው ተያየ፤
ቁልፌን ለሌይዳ ሰጥቼ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ
ገባሁ።
ብርዱ እንደ ቁልፍ ገብቶ አጥንቴን አዞረው፣
አፌ እኔን ሳይጠይቅ ጩኸቱን ለቀቀው፦
«ኧረ እማ!»
ዳር የቆመው ሰፈር አስተርጓሚ አልፈለገ።
ስንት ኮት ተዘረጋ፣ ስንት እጅ ተዘረጋ፤
ያ የመነጽሩ ልጅ እንኳ ጫማው ሞልቶ ውኃ
ክንዴን ይዞ ነበር።

በማግስቱ ገባሁ።
ባነሩ ራዲያተር ላይ ተሰጥቶ ደርቋል፤
«ሕይወት» የሚለው ጋ ትንሽ ተጨማዷል።
ወለሉ ጭቃ ነው። አንድ የልጅ ጓንት ቀርቷል።
ካላንደሩን አየሁ፤ ሳጥኑ ባዶ ነው፣
ለዛሬ ሰበብ የለም፣ ሰው የሚሰበስበው።
ሠላሳ አንዱን አጥፌ ከግድግዳ አስደገፍኩ፤
ያን እግረ ሰባራ
ተውኩትና፣ ተቀመጥኩ።

ዝላታ ብቅ አለች። ጓንቷን አነሣች።
በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ ጠየቀች፦
«ድመትስ በእናንተ?»
«ድመት።»
«ዲ-ሜት» ብላ፣ ጥርሷ በወለቀበት
እያፏጨች ሮጠች በድንቹ ጎዳና።
ተነሥቼ መጥረግ ጀመርኩ እንደገና።