ጥሩውና ድፍርሱ

በጨረጨራ በር፣ ዓባይ ከጣና ሲለይ፣
የውሃ ልክ አንባቢ ነኝ፣ ከብረቱ መዝጊያ በላይ።
ስንት ሞላ፣ ስንት ጎደለ፣ ማልጄ እጽፋለሁ፤
በሌላው ደብተሬ ደግሞ የጣቴን ደም አሰፍራለሁ።

ሁለት ብልቃጥ አሉኝ፣ በእርጥብ አሸዋ ገንቦ ውስጥ፣
መብራት ቢሄድ ባይሄድ ቅዝቃዜው የማይለወጥ፤
አንዱ እንደ ጥቅምት ሐይቅ፣ ታቹ የሚታይ ጥሩ፣
አንዱ ድፍርስ፣ የሐምሌ ጉማራ፣ ከነፎገራ አፈሩ።

ሲስተር ትብለጥ አስተማረችኝ፣ ፈለገ ሕይወት፣ መስኮቱ ሥር፦
«ድፍርሱን በመዳፍህ አንከባለው፤ ወተት አይደል፣ እንዳትንጠው።
ውሎ አድሮ የሚያግዝህ እሱ ነው፣ ብትበላም ብትጾምም ያው፤
ጉበትህ በጨለማ የሚያፈሰውን በዝግታ የሚገታ።
ጥሩው ግን እንግዳ ነው፤ አትጥራው ያለ ገበታ።
ስትቀዳ ጥሩው ይቅደም፤ ድፍርሱ ሾልኮ እንዳይገባበት።»
ሰማሁ። ሆድ ግን ጆሮ የለው፣ እሑድ ሲመጣ ረሳሁት።

ዓሣ ቤቱ ሐይቁ ዳር፤ አዝዣለሁ ቆሮሶ ጥብስ።
«ደረሰ!» ስትል ውብነሽ፣ ወጋሁት በሸሚዝ፣ በልብስ።
ደረሰ ያለችው ጀልባውን።
ዓሣው ገና መረቡ ውስጥ ይዘላል።

ዘይቱ እስኪግል ላቤ ቀደመ፣ እጄ እንደ ደንገል ራደ፣
የዘጌው ጀልባ ዓይኔ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ሄደ።
ስሜን ቢጠይቁኝ «ሦስተኛው በር» አልኩ አሉ፣
«ክፍት ነው፣ ሐይቁ አለቀ፤ ምነው ዝም አላችሁ ሁሉ?»
ውብነሽ ስኳር በጣቷ ድዴ ላይ አሸችልኝ፤
የማላውቀው ዓሣ አጥማጅ የለስላሳውን ግማሽ ሰጠኝ።

ትብለጥ «ግማሽ ሰዓት ቅደም» ትላለች አሁንም፤
እኔ ሳህኑን ሳላይ አልወጋም፣ አላምንም።
ተከራክረን አልጨረስንም።

ሌሊት በሮቹ ተዘግተው ከሥር የምትሾልክ ውሃ አለች፣
ማንም ሳይሰማት፣ ያለ ድምፅ፣ ወንዙን በነፍስ ያቆየች።
ድፍርሱም እንደሷ ነው፤ ተኝቼ ይሠራልኛል፤
ጠዋት ጣቴን ስወጋ፣ መቶ ሃያ፣ መቶ ሠላሳ ይለኛል።

አንድ ቀን ተሳስቼ የደሜን ቁጥር በሐይቁ መዝገብ ጻፍኩ።
አለቃዬ አቶ እንየው መነጽሩን አውልቆ
«ጣና፣ መቶ አርባ?» አለ።
«ደህና ነው» አልኩ።