ያልተተረጎመች ቃል

ከጣና ዳር፣ ደንገል ከተከመረበት፣
እንድሪስ ታንኳውን ሲጠፍር በጧት፣
መምህርት ፈንታነሽ ወረቀት ዘረጋች፤
"ይችን ወፍ ይዩዋት" አለች።

ቁመቷ ከሸምበቆው በላይ፣
ክንፏ ግን ክንፍ እንኳ አይባል፤ ባዶ እጅጌ መሳይ።
ጭኗ የዋርካ ግንድ፣ እንቁላሏ ገንቦ።
"ከምድር ጠፍታለች፤ የቀረው አጥንት ነው፣ ቤተ መዘክር ተሰብስቦ።
ባሕር ማዶ፣ በደሴት፣ ብቻዋን ነግሣ ኖረች፤
ሰው በጀልባ ሲመጣ ቆማ ተመለከተች።
ይኸው ነው ታሪኳ።"

እንድሪስ ዝም አለ፣ ተደግፎ ታንኳ።

ኋላ ግን ጠየቀ፦
"የበሏት ሰዎች ማን ይሏት ነበር?"
የላቲን ስሟን አነበበችለት፤ ራሱን ነቀነቀ።
"ይህማ የአጥንቷ ስም ነው፣ ከሞተች የወጣላት፤
እኔ የምልሽ፣ እናት ልጇን ስታስፈራራ የምትጠራት።"
"አላውቅም" አለች።

ከደብረ ማርያም በኩል ፔሊካን ተነሣ፤
ውሃውን በክንፉ መታው፣ ሄደ፤ ማዕበሉ ግን አልረሳ።

"እኛም ወይጦዎቹ ቋንቋ ነበረን፣ የሐይቁ።
የሚያውቁት አለቁ።
ከአያቴ አፍ የወደቀች አንዲት ቃል አለችኝ፤
የጉማሬ ስም ትሁን፣ ስድብ ትሁን፣ ጸሎት፣ ማን ይንገረኝ?
ታንኳ ስጨርስ፣ በመጨረሻው ቋጠሮ፣
በጆሮዋ እላታለሁ። ውሃ ያውቃት ይሆናል፣ ድሮ።"

ከዚያ ጎንበስ አለ፤
እርጥብ እጁን በሽርጡ ጠርጎ፣
ያችን እግር ብቻ የሆነች ወፍ በአንድ ጣቱ ነካ አድርጎ፣
ቃሏን ሰጣት።

"ይድገሙልኝ!" ስትል፣ ብዕሯን ስትፈልግ፣
"ሰጠሁ እኮ" አላት፤ ቀና ሳይል፣ የደንገል ፍቅፋቂ ሲጠርግ።