የጥልፍ ዓይነቶች

ሊቶሪናዋ ናዝሬት ስትገባ ሰባት ሰዓት ይሆን ነበር፤
ንፋሱ አቧራ ዘግኖ ይረጫል በየበር።
እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በጉያዬ አንድ ፖስታ፣
እንደ ትኩስ እንቁላል ይዤ፣ እንዳይሰበር በዝግታ።
«ለኮንትሮሌሩ፣ በእጁ፤ ለሌላ እንዳትሰጪ ላንድ አፍታ!»

ላኪዋ ይታይሽ ደግፌ፣ የጓሮ ጎረቤታችን፤
ቀን ወንጂ ሚዛን ቤት የሸንኮራ ኪሎ ትመዘግባለች፣
ማታ በኩራዝ ደግሞ የሰው ሸክም ትመዝናለች።
«ጋዜጠኛዋ» ሲሏት፣ አጠራሩ ስድብ ስድብ ይል ነበር፤
አክስቴም «ቀለም የነካው ጣት ሊጥ አያቦካም» ትላለች፣
ደግሞ ማታ ተደብቃ፣ ለልጇ ማመልከቻ ልታስጽፍ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ መልስ መጣ፤ ከአዘጋጁ፦
«የላክሽው ደርሶናል። ርዕሱ ግን ከበድ ይላል፤
የሴቶች ዓምድ አይችለውም፣ አንባቢም ይከፋል።
ስለ ጥልፍ ጻፊልን፤ ስለ መስቀሉ፣ ስለ ጥለቱ፣ ስለ ክር፤
ለእህቶችሽ ይጠቅማል፣ ሙያ ቢነገር።»

አልተቆጣችም። ሳቀች።
ሳቋ አቡጀዴ ሲቀደድ ዓይነት ነበር።
«ጥልፍ ካሉኝማ፣ ጥልፍ እጽፍላቸዋለሁ!»
ኩራዙን ወደ ራሷ ሳበች፤
እኔ ሞኟ መርፌ ላቀብላት ተነሳሁ።

«የጥልፍ ዓይነቶች» ብላ ጀመረች።
«አንደኛው በቀን ይጠለፋል፤ ከወንዝ፣ ከእንጨት ለቀማ፣
በሸንኮራ ጋሪ ተጭኖ፣ ጩኸቱ እንዳይሰማ።
ሁለተኛው በሌሊት ነው፤ አጥር ተጥሶ፣ ውሻ ተመርዞ።
ጨርቁ የአሥራ ሦስት ዓመት ይሁን፤ ስስ ነው፣ አያስቸግርም።
እኔ የማውቀው ጨርቅ ስም አለው፦ ዱርሲቱ።
ሦስተኛ ክፍል ነበረች፤ ክፍልፋይ ሒሳብ ጀምራ።
ቀይ ክር አትግዙ፤ ከራሱ ከጨርቁ ይወጣል።
ጥልፉ ሲያልቅ ሽማግሌ ይመጣና ጫፉን ይቋጫል፤
አንድ ጊደር፣ አንድ ጋቢ፤ ከዚያ ‹ጋብቻ› ይባላል።
ጠላፊውን በፍርድ ቤት መዝገብ ፈልጌ አጣሁት፤
ሚዛን ቤት፣ ሸንኮራ ሊያስመዝን ሲመጣ አገኘሁት።
አተራተሩም እንዲህ ነው፦
ጫፉን አጥብቃችሁ ያዙ፤
የጠላፊውን ስም ጮክ ብላችሁ ጥሩ፣
ቋጠሮው እስኪላላ።»

አዘጋጁ ርዕሱን ብቻ አይቶ ነው ያሳለፈው ይባላል፤
ወይም እስከ ታች አንብቦ ዝም ብሎ ይሆናል። ማን ያውቃል?
ሐሙስ ወጣ፤ ከበርበሬ ድለዛና ከሳሙና ማስታወቂያ መሃል።

በወሩ ይታይሽ ከሥራ ወጣች። «የሒሳብ ጉድለት» ተባለ።
ጉድለቱ ሰባት ኪሎ ሸንኮራ ነበር፤
አንድ ልጅ መንገድ ላይ መጦ የሚጨርሰው።
ዱርሲቱ ተመለሰች ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ፤
አልተመለሰችም።

ግን የሠራተኛ ሰፈር ሴቶች ያቺን ገጽ በመቀስ ቆረጧት፤
ፊደል ያልቆጠሩት ሳይቀሩ
በሴት ልጆቻቸው ቀሚስ ጠርዝ ውስጥ አጥፈው ሰፏት።
«ምን ይላል?» ብትሏቸው
«ስሙን ጥሪው ይላል» ይሉ ነበር፤
ከዚያ በላይ የሚያውቁት አልነበረም። በቂ ነበር።

ዛሬ ናዝሬት አዳማ ተብላለች፤ ያ አቧራ የሚረጨው ንፋስ
ኮረብታው ላይ ነጫጭ ክንፍ እያዞረ መብራት ይሸጣል።
እኔም በተራዬ ሬዲዮ ጣቢያ የሰው ዜና አርማለሁ፤
ዓይኔ ደክሟል፣ መነጽሬ በክር ታስሯል።
ትናንት አንዱ ወጣት እንዲህ ብሎ አመጣ፦
«ታዳጊዋ ያለ ፈቃዷ ትዳር መሥርታለች።»
«ግሡን አስተካክል» አልኩት።
«የቱን?»
«መሠረተችን። ማን መሠረተ? ስሙን ጻፈው።»
ገርሞት አየኝ፤ ሰዓቱም ደርሶ ነበር፤ ሙዚቃው ጀምሯል።

ማታ ሳጥን ከፍቼ የልጅነት ቀሚሴን አወጣሁ።
እናቴም ሰፍታልኝ ነበር፤ ለካ፣ ያቺ ዝምተኛ።
ጠርዙን ፈታሁት።
ወረቀቱ በአጠባ ብዛት ልፋጭ ሆኗል፤
ከይታይሽ ቃል አንድ ፊደል እንኳ አልቀረም፤
የመርፌው ቀዳዳ ብቻ፣ ተራ በተራ፣
በጣቴ ዳሰስኩት፣
እስከ ጫፉ።