በረደኝ

ደብረ ብርሃን ሌሊት፣ ከሆስፒታሉ ጓሮ፣
ውርጭ ከቆርቆሮው ላይ እንደ ጨው ተሰፍሮ፣
የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጭስ ባፉ ይተፋል፣
ትንፋሹ ከፊቱ ቀድሞት ይሰለፋል።

ጋሽ ሸዋንግዛው ግን ከበሩ አይርቅም፤
ሳል እንጂ እንቅልፍ እሱን አያውቅም።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርድ ልብስ ሸምኖ፣
ዛሬ በጡረታው የደም ባንክ ዘብ ሆኖ፣
ካቦርት በጋቢ ላይ ደርቦ፣ ደራርቦ፣
ቁልፉን እንደ ክታብ ካንገቱ አስሮ፣ ቀርቦ።

እኔ ጥሩወርቅ ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ፣
ከረጢት ቆጣሪ፣ የደም መዝገበኛ።

ባለፈው ሰኔ ነው፤ መጡ እንግዳ ሰዎች፣
ሻንጣ ሙሉ ብልቃጥ፣ መርፌና ወረቀቶች።
«ሴል ነው» አሉኝ፣ «ሕያው፤ ከደምሽ ይገባል፣
የላላ ይሰፋል፣ ያረጀ ያድሳል፤
ብረት ብቻ ይሻል።» ፈረምኩ። ገንዘብ ነበር፤
የወንድሜ ኩላሊት፣ የቤት ኪራይ፣ ብድር።
ሦስተኛው መርፌ ላይ ስልካቸው ተዘጋ፤
ቢሯቸው ሄድኩና፣ ደርሼ ሲነጋ፣
ሽንኩርት ይሸጥበታል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር፦ አይበርደኝም።
ጥቅምት መጣ ሄደ፤ ኅዳር አልነካኝም።
በአንዲት ስስ ሸሚዝ ጠባሴን ሳቋርጥ
አንዷ አማተበች፤ ሌላዋ ዞር አለች ቶሎ ለማምለጥ።

ደሙ ግን ጎደለ።
ሰኞ አርባ አንድ ነበር፤ ማክሰኞ አርባ ሆነ።
ሐሙስ ሠላሳ ስምንት። እምነቴ መነነ።
ቁልፍ ያለው አንድ ሰው፤ ሌላ ማን ይሆናል?
ሌሊት ሲያስል ሰማሁ፣ ሳሉን ጠረጠርኩ።
የከንፈሩን ቅላት፣ ያንዱን ጥርሱን ወርቅ ጠረጠርኩ።
ሚስቱ በምን ሞተች ብዬ ጠየቅኩት፤
«በብርድ» አለኝ።
ብርዱንም ጠረጠርኩ።

ካሜራ ሰቀልኩኝ ከጣሪያው ማዕዘን፣
ዓይኑ እንዳይታይበት ሸፍኜ በካርቶን።
ሲነጋ ከፈትኩት።
ስድስት ሰዓት ላይ በሩ በራሱ ተከፈተ።
አንድ ከረጢት ከረድፉ ወጣ፣ በአየር ላይ ቆየ፣
እየከሳ፣ እየከሳ፣ ባዶ ቀረ።
በሩ ተዘጋ። ማንም የለም።
በመጀመሪያ ደስ አለኝ፦ ሸዋንግዛው አይደለም!
ከዚያ መዝገቡን ገለጥኩ፦
«ስድስት ሰዓት። አራት ዲግሪ። ሁሉ ደህና።»
ፊርማው የኔ ነው።
ስድስት ሰዓት ላይ እዚያ ነበርኩ፤
ቆሜ ቴርሞሜትሩን ሳነብ ነበርኩ።
በምስሉ ውስጥ ግን አልነበርኩም።

ቀኑ እንዴት እንደመሸ አላውቅም።
«ጋሼ፣ እስኪ እየኝ» አልኩት ማታ።
አላየኝም። እግሩ ሥር ያለውን ውርጭ አየ።
«ልጄ፣ ከጥቅምት ጀምሮ አውቃለሁ፤
በዚህ አገር ሰው ሲናገር ይጨሳል።
ካንቺ አፍ ምንም አይወጣም።»
ሲናገር አንገቱ ላይ አንዲት ሥር ትዘላለች።
ያለ ሰዓት ቆጠርኳት፦
ሰባ ሁለት። ሰባ ስድስት። ዘጠና።

«ጋሼ፣ ቆልፍብኝ፣ ደም ከሌለበት ክፍል፣
ከአሮጌው ማቀዝቀዣ፣ ግንቡ ከማይከፈል።
ብለምን፣ ባለቅስ፣ እናቴን ብጠራ፣
እስኪነጋ ድረስ እንዳትሰማ፤ አደራ!»
እሺ አለ። ማለልኝ በሚካኤል ስም፤
ቁልፉ ሁለቴ ዞረ። ከዚያ ሁሉም ዝም።

ሰባት ሰዓት፦ ጮህኩኝ፤ ሳል መለሰልኝ።
ስምንት ሰዓት፦ ለመንኩ፤ ዳዊት ደገመልኝ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን በደሜ ያለው አሰበ።
እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው።
ወይም እኔ ነኝ፤ ድንበሩን ማን ለየው?
የሽማግሌውን ሠላሳ ዓመት አሰበ፦
ያን ሁሉ ሱፍ፣ ያን ሁሉ ብርድ ልብስ፣
ለማያውቀው ገላ የሸመነውን።
ከዚያ በለሆሳስ፣ በሩን ሳላንኳኳ፣
«ጋሼ» አልኩ። «በረደኝ።»

ከውጭ ጋቢ ሲገፈፍ ሰማሁ።
ቀጥሎ ቁልፉን።